ማልያና ርስት፦ የቡድን ፍቅር ከወላጅ ወደ ልጅ በአርባ ምንጭና በጋሞ

የእግር ኳስ ቡድን ደጋፊነት ከወላጅ ወደ ልጅ ይተላለፍ ወይስ አይተላለፍ የሚለው ክርክር ሁለት ጥያቄ አንድ ላይ ያዘለ ነው። አንደኛው ይተላለፋል ወይ የሚል ነው፤ ሁለተኛው መተላለፍ ይገባዋል ወይ የሚል። ሰው ብዙውን ጊዜ በሁለተኛው ይጨቃጨቃል፤ የመጀመሪያውን ያለቀለት አድርጎ ያልፈዋል። በአርባ ምንጭና በጋሞ ዞን ግን ያለቀለት አይደለም። በዚህ አካባቢ ባለ አንድ ኳስ ወዳድ ቤት፣ አባት በልጅነቱ የደገፈው ቡድን ከነስሙ ጠፍቶ፣ ዛሬ የሚደግፈው ቡድን ከሊጉ ሲወጣና ሲገባ ኖሮ፣ ልጁ ደግሞ አንድም ቀን ሜዳ ሄዶ ያላየውን የለንደን ቡድን ማልያ ለብሶ ሊገኝ ይችላል። ሦስቱም በየፊናቸው እውነተኛ ደጋፊነት ናቸው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት እ.ኤ.አ. ካልተባለ በቀር በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።)

ጋሞ ውርስን ጠንቅቆ የሚያውቅ ሕዝብ ነው። ጎሳ የሚቆጠረው በአባት ነው፤ ጎሳዎቹም ማላና ዶጋላ በሚባሉ ሁለት ወገኖች ይመደባሉ። ልጅ ማላ ወይም ዶጋላ መሆኑን ከአባቱ ያገኘዋል እንጂ አድጎ አይመርጠውም። ሽመናም እንደዚሁ የዘር ሙያ ሆኖ ኖሯል። ከዶርዜና ከሌሎች የጋሞ ደጋማ ቀበሌዎች ተነስተው አዲስ አበባ ሽሮ ሜዳ የሰፈሩ ሸማኔዎች ሙያውን ለልጆቻቸው ያስተላለፉት በትምህርት ቤት አይደለም። አባት እግሩን ጉድጓድ ውስጥ ሰድዶ ሲሸምን ልጁ አጠገቡ ተቀምጦ ማጉን በቀሰም ያጠነጥናል፤ እንዲህ እንዲህ እያለ አንድ ቀን መወርወሪያው እጁ ይገባል። ደጋፊነትም ሲያልፍ የሚያልፈው በዚሁ መንገድ ነው። ከሰዓት በኋላ በሬዲዮ ጨዋታ ሲተላለፍ፣ ማግ የሚያጠነጥነው ልጅ አባቱ በየትኛው ጎል እንደጮኸ፣ በየትኛው ደግሞ ሥራውን አቁሞ ዝም እንዳለ ልብ ይላል። ማንም ቁጭ አድርጎ “የእኛ ቡድን እገሌ ነው” አላለውም።

ልዩነቱ ግን እዚሁ ላይ ነው። ማላነት አይለወጥም፤ ሽመና እንጀራ ያበላል። ቡድን ሁለቱም የለውም። ልጁ ነገ ቢተወው ከጎሳው የሚያስወጣው የለም፤ ቢይዘውም ጠግቦ አያድርበትም። ስለዚህ “ማውረስ” የሚለው ቃል ለእግር ኳስ ሲውል ከርስት ይልቅ ለስም አወጣጥ የቀረበ ነው፤ ወላጅ ያወጣዋል፣ ልጁ ግን ሰፈር ውስጥ በሌላ ስም ሊጠራ ይችላል።

የሚወረሰው ነገር ራሱ ምን ያህል ጊዜ ይቆያል የሚለው ብዙ ጊዜ ይረሳል። የአርባ ምንጭ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በስሙ የሚጠራ ቡድን ነበረው፤ በኢትዮጵያ ሊግም ተጫውቷል። በዚያ ዘመን የከተማው ሰው ደጋፊነት ከፋብሪካው ጋር የተሳሰረ ነበር። የፋብሪካ ቡድን ግን ዕድሜው የሚለካው በፋብሪካው ካዝና ነው። ዛሬ በከተማው ስም የሚጫወተው አርባ ምንጭ ከተማ ነው፤ በጫሞ ሐይቅ አዞዎች ምክንያት ደጋፊው “አዞዎቹ” ይለዋል። ይህ ቡድን በ2004 የውድድር ዘመን ፕሪምየር ሊጉ ውስጥ ነበር፤ በ2010 ወረደ፤ በ2014 ተመለሰ፤ በ2015 ማብቂያ እንደገና ወረደ፤ በ2017 ደግሞ ተመልሶ ታየ። በ2002 የተወለደ የሲቀላ ወይም የሴቻ ሰፈር ልጅ አሥራ አምስት ዓመት ሳይሞላው ቡድኑ ሁለት ጊዜ ሲወርድና ሁለት ጊዜ ሲመለስ አይቷል ማለት ነው። የሰባዎቹ አባት ለልጁ “ቡድናችን” ሲል ቃሉ ያው ነው፤ የሚያመለክተው ነገር ግን አንድ አይደለም።

ይህ የአርባ ምንጭ ብቻ ችግር አይደለም። መቻል መከላከያ ተብሎ ቆይቶ ወደ መቻል ተመልሷል። ደደቢት በ2005 የፕሪምየር ሊጉን ዋንጫ አንስቶ በ2011 ከሊጉ ወረደ። የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ቡድኑን አፍርሶ እንደገና አቋቁሞ በ2016 ሻምፒዮን ሆነ፤ በመሀል ለነበሩት ዓመታት የባንክ ደጋፊ የነበረ አባት ለልጁ የሚያወርሰው ትዝታ ብቻ ነበር። እንዲህ በሚፈርስና በሚሠራ ሊግ ውስጥ ትውልድ የተሻገረ ደጋፊነት ያላቸው ክለቦች ጥቂት ናቸው። ከሁሉ የሚቀድመው ቅዱስ ጊዮርጊስ ነው። በ1928፣ ጣሊያን አገር እየወረረ በነበረበት ዓመት የተመሠረተ በመሆኑ ደጋፊነቱ ከጅምሩ ከኳስ የሰፋ ነገር ተሸክሟል፤ አያት ለልጅ ልጁ የሚነግረው ጎል ብቻ ሳይሆን ታሪክም አለው። በ1968 የተመሠረተው ኢትዮጵያ ቡናም ከሠራተኛ ቡድንነት ተነስቶ የሰፈርና የቤተሰብ ቡድን ለመሆን በቅቷል። በአዲስ አበባ ስታዲየም ካታንጋ፣ ሚስማር ተራ፣ ከማን አንሼ የሚባሉት መቀመጫዎች ስማቸው ራሱ በአፍ የተወረሰ ነው፤ አዲስ የመጣ ተመልካች ትኬቱ ላይ አንብቦ አያውቃቸውም።

ልጅ ቡድኑን መቼ ይይዛል ለሚለው የተሻለው መረጃ የመጣው ከሌላ ስፖርት ነው። ስቲቨንስ ዴቪዶዊትዝ የተባለ አሜሪካዊ ኢኮኖሚስት በ2014 እ.ኤ.አ. በፌስቡክ ላይ ያሉ የቤዝቦል ደጋፊዎችን ዕድሜ ከቡድኖቻቸው ድል ዓመታት ጋር አስተያየ። ወንዶቹ ዕድሜ ልካቸውን የያዙት ቡድን ብዙውን ጊዜ እነሱ ስምንት ዓመት ገደማ ሲሆናቸው ያሸነፈ ነበር። የአባት ድርሻ የለም ማለት አይደለም፤ ግን ከአባት ጋር የሚፎካከር ሌላ አባት አለ፤ እሱም ድል ነው።

ይህን ይዞ ወደ 2010 መመለስ ጠቃሚ ነው። በዚያ ዓመት አርባ ምንጭ ከተማ ከፕሪምየር ሊጉ ወረደ። በዚያው ዓመት መጋቢት ላይ 120 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ያለው የሶዶው ወላይታ ድቻ በአፍሪካ ኮንፌዴሬሽን ዋንጫ የግብፁን ዛማሌክ በመለያ ምት ጣለው። ያኔ ስምንት ዓመት የሞላው የጋሞ ልጅ ፊቱ ሁለት ነገር ተደቅኖለት ነበር፤ የወረደ የራስ ቡድን እና ካይሮ ላይ ያሸነፈ የጎረቤት ቡድን። ያ ልጅ አዞዎቹን ከያዘ በእርግጥ ወርሷል፤ ድል አልሳበውምና። “የጦና ንቦችን”፣ ማለትም ድቻን፣ ከያዘ ደግሞ አባቱን ከዳ የሚለው ክስ ከልጁ ይልቅ ስለ አባቱ ይናገራል።

ውርሱ የሚተላለፍበት ቦታ ሜዳ ነው። በቴሌቪዥን ልጅ ኳሱን ያያል፤ በስታዲየም ግን አባቱን ያያል። በቤት የማይሮጠው፣ የማይሳደበው፣ የማያቅፈው ሰው እዚያ ሲሮጥ፣ ሲሳደብና የማያውቀውን ሰው ሲያቅፍ ያየዋል። ጥቁር፣ ቀይና ቢጫ መስመር ያለው ዱንጉዛ በበዓል ቀን ብቻ ሳይሆን በጨዋታ ቀንም ትከሻ ላይ ሲጣል ያየዋል። ኦቾሎኒ የተጠቀለለባት ወረቀት፣ ከፀሐዩ የተነሳ ግንባር ላይ የተደፋ ጋዜጣ፣ ጨዋታው ሲያልቅ በሕዝብ መሀል የተያዘች እጅ፤ ደጋፊነት ልጅ ላይ የሚጣበቀው በነዚህ ነው። የጎሉ አቆጣጠር በሳምንቱ ይረሳል።

ከ2013 ጀምሮ ግን የፕሪምየር ሊጉ ጨዋታዎች በተመረጡ ጥቂት ከተሞች እየተዘዋወሩ መካሄድ ጀመሩ። በኮሮና ወረርሽኝና በዚያው ዓመት በጀመረው የዲኤስቲቪ ስርጭት ምክንያት የተያዘው ይህ አሠራር ቀጠለ፤ አዲስ አበባ፣ ጅማ፣ ባሕር ዳር፣ ድሬዳዋ፣ ሀዋሳና አዳማ በተለያየ ጊዜ አስተናገዱ። ለቴሌቪዥን ጥራት የሚሰጠው ጥቅም ግልጽ ነው። ለአርባ ምንጭ ደጋፊ ግን አርባ ምንጭ ከተማ በ2014፣ በ2015 እና በ2017 ሊጉ ውስጥ ኖሮም ቡድኑ የሚጫወተው ከቤቱ ርቆ ነበር። ሀዋሳ 270 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ድሬዳዋ ደግሞ ከአዲስ አበባም ወዲያ። አባት ብቻውን እንኳ የሚደፍረው ጥቂት ነው፤ ልጁን በትከሻው አድርጎ የሚሄድማ የለም። ወላጆች ቡድናቸውን ለልጅ ማውረስ አለባቸው ወይ እያሉ ከመከራከር በፊት፣ ሊጉ የሚያወርሱበትን ቦታ ከእጃቸው እንዳወጣው መታወቅ አለበት።

ባዶ የቀረውን ቦታ የእንግሊዝ ሊግ ሞላው። በአርባ ምንጭም እንደ ሌላው የኢትዮጵያ ከተማ ዲኤስቲቪ ቤት አለ፤ ለአንድ ጨዋታ ተከፍሎ ይገባል፣ ወንበሩ እንደ ቤተ ክርስቲያን ተደርድሮ ሁሉም ወደ አንድ ግድግዳ ያያል፣ ሻይ ወይም ለስላሳ ይታዘዛል። አርሴናል፣ ማንቸስተር ዩናይትድ፣ ቼልሲ፣ ሊቨርፑል እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ጥግ አላቸው። ባጃጅ መስታወት ላይ የተለጠፈው አርማ የአዞ ሳይሆን የአርሴናል መድፍ ነው። እዚህ ላይ ስለ ታማኝነት የሚገርም ነገር አለ። አርሴናል በ2004 እ.ኤ.አ. ያለ ሽንፈት ሻምፒዮን ከሆነ በኋላ ከሃያ ዓመት በላይ የሊግ ዋንጫ ሳያነሳ ቆየ፤ ሆኖም በእነዚያ ዓመታት ውስጥ የተወለዱ የኢትዮጵያ ልጆች አርሴናልን ይዘው አድገዋል። ድል ካልሰጣቸው ማን ሰጣቸው? አባቶቻቸውና ታላላቅ ወንድሞቻቸው ናቸው። ውርስ በደንብ የሚሠራው በማይጎበኝ ስታዲየም ላይ ሆኖ መገኘቱ ከሙግቱ ሁሉ እንግዳው ነው። ምክንያቱ ግን ከላይ የተባለው ነው፤ ዲኤስቲቪ ቤቱ ራሱ ሜዳ ሆኗል። ልጁ አባቱን የሚያየው እዚያ ነው።

ወላጅ ቡድኑን ቢያወርስ ምን ጥቅም አለው ለሚለው ፈላስፎች ጭምር ጊዜ ሰጥተውታል። ሃሪ ብሪግሃውስና አዳም ስዊፍት በ2014 እ.ኤ.አ. ስለ ቤተሰብ ሥነ ምግባር ባሳተሙት መጽሐፍ፣ ወላጅ የሚወደውን ነገር ከልጁ ጋር መካፈሉ ቤተሰብን ቤተሰብ ከሚያደርጉት ነገሮች አንዱ ነው ይላሉ፤ ያ ሳይኖር ወላጅና ልጅ በአንድ ጣሪያ ሥር የሚኖሩ እንግዶች ይሆናሉ። ይህ በጋሞ ደጋ ላይ ክብደት አለው። ሸማኔ አባት ዓመቱን አዲስ አበባ ከርሞ ለመስቀል፣ ለዮ ማስቃላ፣ ወደ ጨንቻ ወይም ወደ ዶርዜ ሲመለስ ከሚያድግ ልጁ ጋር የሚያወራው ነገር በቀላሉ አይገኝም። ስለ ትምህርት ጠይቆ ሁለት ቃል ይመለስለታል። ስለ ኳስ ከጠየቀ ግን እስከ ማታ ያወራል። ቡድኑ ማን መሆኑ እዚህ ላይ ሁለተኛ ነገር ነው፤ ጊዮርጊስም ይሁን አዞዎቹ ወይም ማንቸስተር፣ ወሬ እስከሆነ ድረስ ሥራውን ሠርቷል። እንግሊዛዊው ደራሲ ኒክ ሆርንቢ በ1992 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የደጋፊነት ትዝታው ተመሳሳይ ነገር ይተርካል፤ ወላጆቹ ተለያይተው አባቱ ከቤት ከወጣ በኋላ በ1968 እ.ኤ.አ. ወደ አርሴናል ሜዳ የወሰደው አብረው የሚሆኑበት ቦታ ስላጣ ነበር።

ተቃራኒው ሙግት የተመሠረተው በጆኤል ፋይንበርግ ሐሳብ ላይ ነው። ይህ አሜሪካዊ ፈላስፋ በ1980 እ.ኤ.አ. ልጅ “ክፍት የሆነ የወደፊት ሕይወት” የማግኘት መብት አለው ሲል ጻፈ፤ ወላጅ ዛሬ በሚወስነው ውሳኔ ልጁ ነገ ሊመርጥ የሚችለውን በር መዝጋት የለበትም ማለቱ ነው። ሐሳቡ ስለ ሃይማኖትና ስለ ትምህርት ሲነሳ ከባድ ነው። ለማልያ ሲውል ግን ቀላል ይሆናል፤ የሁለት ዓመት ልጅ የቡና ማልያ ስለለበሰ የተዘጋበት በር የለም። ለልጅ ቡድን መምረጥ ጭቆና ነው የሚሉ ወገኖች ሩቅ የማይሄዱት ለዚህ ነው። ፋይንበርግ የሚጠቅመው ሌላ ቦታ ላይ ነው፤ ከቡድኑ ጋር አብሮ የሚወረሰው ጠላት ላይ።

የኢትዮጵያ ክለቦች ስማቸው ከባድ ነው። ወላይታ ድቻ፣ ሲዳማ ቡና፣ አርባ ምንጭ ከተማ ሲባል የቡድን ስም ብቻ አይደለም የሚጠራው፤ የሕዝብም የከተማም ስም ነው። ስለዚህ በስታዲየም የሚሰነዘር ስድብ ከአሥራ አንድ ተጫዋች አልፎ ይሄዳል። ልጅ ከአባቱ “አዞዎቹን ውደድ” የሚለውን ሲሰማ አንድ ነገር ይማራል፤ “የሶዶ ሰው እንዲህ ነው” የሚለውን ሲሰማ ደግሞ ፈጽሞ ሌላ ነገር። ጋሞና ወላይታ ተጋብተው፣ ተገበያይተው፣ በአባያ ሐይቅ ዙሪያ ተጎራብተው የሚኖሩ ሕዝቦች ናቸው፤ እናቱ ከሶዶ የሆነች የአርባ ምንጭ ልጅ ሁለተኛውን ትምህርት ቢቀበል ግማሹን ራሱን ነው የሚሰድበው። በዓለም ላይ ሁለቱም መንገድ ታይቷል። በግላስጎው ሴልቲክና ሬንጀርስ ከሃይማኖት መለያየት ጋር ተጣብቀው ደጋፊነት የጥላቻ ውርስ ሆኖ ቆይቷል። ሊቨርፑል ከተማ ውስጥ ደግሞ የሊቨርፑል ቡድን የተወለደው ኤቨርተን ውስጥ ከተነሳ የሜዳ ጠብ ቢሆንም፣ በአንድ ቤት ወንድም ቀይ ወንድም ሰማያዊ ለብሶ ተያይዞ ሜዳ መሄድ የተለመደ ነው። ልዩነቱን ያመጣው የኳሱ ፍቅር መጠን አይደለም፤ ከማልያው ሥር ምን እንደተሰፋ ነው።

በዚህ ጉዳይ ጋሞ ለሌላው የሚያስተምረው የራሱ ነገር አለው፤ ከስታዲየም የመጣ ግን አይደለም። በመስከረም 2011 በቡራዩ የጋሞ ተወላጆች መገደላቸው ሲሰማ የተቆጡ ወጣቶች በአርባ ምንጭ ለበቀል ሲነሱ፣ የጋሞ አባቶች እርጥብ ሣር ይዘው መንገዱ ላይ ተንበርክከው አስቆሟቸው። ወጣቶቹ የቆሙት ሣሩ ምን ማለት እንደሆነ ከልጅነታቸው ስለሚያውቁ ነው። ሣር የያዘ ሽማግሌን ማለፍ ነውር መሆኑ ተወርሶ ነበር። ያ ውርስ ደግሞ የተላለፈው ልጆች በሕዝብ መሰብሰቢያው፣ ዱቡሻ ላይ፣ ሽማግሌዎች ሲሸመግሉ ተቀምጠው እያዩ ነው፤ ቀሰም እያጠነጠኑ ሽመና እንደሚማሩት። ልጅ ተቀምጦ ያየውን ይይዛል ከተባለ፣ አባቱ በተጋጣሚ ደጋፊ ላይ ድንጋይ ሲያነሳ ያየው ልጅም ይይዘዋል።

ሽንፈት የራሱ ምዕራፍ ነው። ሮበርት ቻልዲኒና ባልደረቦቹ በ1976 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ቡድናቸው ባሸነፈ ማግስት የቡድናቸውን ልብስ አብዝተው እንደሚለብሱ፣ ስለ ድሉም ሲያወሩ “አሸነፍን” እንደሚሉ፣ ሲሸነፍ ግን “ተሸነፉ” እንደሚሉ አሳዩ። አማርኛ ተናጋሪ ደጋፊም ይህን ተውላጠ ስም ያለ ጥናት ያውቀዋል። የወረደ ቡድን ያለው አባት ለልጁ የሚሰጠው ትልቁ ነገር ምናልባት “ወረድን” ማለት መቻሉ ነው። የውርርድ ቤቶች መስፋፋት ግን ይህን ሰርስሮታል። በትኬቱ ላይ ቡድኑን ይሸነፋል ብሎ ያስያዘ አባት፣ ጎል ሲገባበት በደስታ ሲዘል ልጁ አጠገቡ ካለ፣ ከዚያ በኋላ ስለ ታማኝነት የሚነገረው ሁሉ ቀልድ ይሆናል።

እናቶችና ሴት ልጆች በዚህ ሙግት ውስጥ ቦታቸው ጠባብ ሆኖ ቆይቷል፤ ደጋፊነት የሚወርደው ከአባት ወደ ወንድ ልጅ ነው ተብሎ ስለሚታሰብ። አርባ ምንጭ ከተማ በሴቶች ፕሪምየር ሊግም ቡድን አለው። የዱራሜዋ ሎዛ አበራ በሴቶች ብሔራዊ ቡድኑ በሉሲዎቹና በክለቦቿ ጎል ማግባት ከጀመረች ወዲህ የምትመለከታት ሴት ልጅ አባቷን የምትወርስበት ምክንያት ቀንሷል፤ የራሷ ቡድን መነሻ አላት። ስቲቨንስ ዴቪዶዊትዝ የሴቶቹን ሲመለከት ምርጫቸው እንደ ወንዶቹ በስምንት ዓመት የታሠረ ሆኖ አላገኘውም፤ ሃያ ዓመትን ከተሻገሩ በኋላም ቡድን ይይዛሉ። ለሴት ልጁ ማልያ ያልገዛ አባት ጊዜ አላመለጠውም።

ተጫዋችም ቡድን ያወርሳል። በአርባ ምንጭ የተወለደው ደጉ ደበበ በቅዱስ ጊዮርጊስ ረጅም ዘመን ተጫውቷል፤ ኢትዮጵያ ከ31 ዓመት በኋላ በተመለሰችበት የ2013 እ.ኤ.አ. የአፍሪካ ዋንጫም የዋልያዎቹ አምበል ነበር። እንዲህ ያለ ልጅ ከከተማው ሲወጣ የከተማው ሰው ዓይን አብሮት ይሄዳል፤ አዞዎቹን የሚደግፍ ቤት በጎን ለቅዱስ ጊዮርጊስ የሚያደላበት መነሻ ይህ ሊሆን ይችላል። ሁለት ቡድን መያዝ በሌላ አገር እንደ ክህደት ይታያል፤ እዚህ ግን አንዱ የሰፈር፣ አንዱ የሸገር፣ አንዱ የእንግሊዝ ሆኖ ያለ ችግር አብሮ ያድራል።

ውርሱ ወደ ላይም ይፈሳል። የአዞዎቹን ጨዋታ ሜዳ ሄዶ ማየት የቀረበት፣ የእንግሊዝን ሊግ ደግሞ የልጅ ነገር ነው ብሎ የናቀ አባት፣ ልጁ ዲኤስቲቪ ቤት እንዳያመሽ ሊፈልገው ይሄዳል። በመጀመሪያው ቅዳሜ በር ላይ ቆሞ ይጠራዋል። በሁለተኛው “ስንት ደቂቃ ቀረው?” ብሎ ይጠይቃል። በሦስተኛው ልጁ ጠጋ ብሎ ቦታ ይለቅለታል፣ ቀይ የለበሱት የእኛ ናቸው ብሎ ያሳየዋል።